እትዬ ያሳመረችው የእጅ ድጋፍ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። በዘጠኝ ዓመት ስለምትበልጠኝ አፍ ከፈታሁ ጀምሮ እትዬ ነው የምላት። ከጊዜ በኋላ ደንበኛውም፣ ጎረቤቱም፣ የሱቁ አከራይ ሳይቀሩ እትዬ ይሏት ጀመር። አንዳንዱ ደግሞ "እትዬ ቀጥ" ይላታል። ሰው ስትለካ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትከሻውን ቸብ ታደርግና "ቀጥ በል" ትላለች፤ ትልቅ ሰው ከሆነ "ቀጥ ይበሉ"፣ ሕፃን ከሆነ "ቀጥ በል የኔ ጌታ"። ትከሻው የጎበጠ ሰው እንኳ እሷ ፊት ሲቆም ሁለት ጣት ያህል ይረዝማል። ቤቱ ሲደርስ ወደ ልኩ ይመለስና ሱሪው ይንዘላዘልበታል። ተመልሶ ይመጣል፤ እሷም እየሳቀች ታሳጥርለታለች።

ሱቋ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ወርዶ የሚገባበት አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማና የሱሪ ጫፍ ብቻ ስለሆነ እትዬ ሰውን በሱሪ ጫፍ ትለያለች። "ፖስተኛው አለፈ፤ ግራ እግሩ ዛሬም ተተርትሯል" ትላለች ቀና ሳትል። መሃል ላይ ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፣ በግድግዳው በኩል ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ የባሏ የካውያ ጠረጴዛ። ባሏ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣና ቤት መዋል አልሆንልህ ሲለው ካውያውን ተረከበ። ሰፈሩ "ተኳሹ" ይለዋል፤ በሕይወቱ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ጠዋት እየመጣሁ ቁልፍ እተክልላቸዋለሁ፤ ሥራ ሲቀል ጥግ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ።

የእትዬ ስም የወጣው ግን በቁልፍ ቀዳዳ ነው። መኪናው በአንድ ደቂቃ የሚጨርሰውን እሷ ኮት ከሆነ በእጇ ነው የምትሠራው። ቀዳዳውን ትሰነጥቅና ዙሪያውን በወፍራም ክር ቋጠሮ በቋጠሮ እያሰረች ትዞረዋለች። ሲያልቅ ጣታችሁን ብታሳልፉበት እንደ ከንፈር ለስላሳ ነው። ኮታቸውን አስወልቀው የእሷን የቁልፍ ቀዳዳ ለሰው የሚያሳዩ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። ገንዘቡ ያው ነው፤ ለምን እንዲህ እንደምትደክም ስትጠየቅ "ደስ ይለኛላ" ነው መልሷ።

ነገሩ የጀመረው በእንቅልፏ ነው። ሲነጋጋ ቀኝ እጇ ደንዝዞ ይቀሰቅሳታል። ተነስታ ታራግፈዋለች፣ ደሙ የተመለሰ ይመስላታል፣ ተመልሳ ትተኛለች። አንድ ጠዋት ጋሼ ካውያውን እያጋለ "እህትሽ ማታ ማታ ዝንብ ታባርራለች" አለኝ።

"የምን ዝንብ?"

"እኔም አላየሁትም። እሷ ግን እጇን እያራገፈች ስታሯሩጠው ታድራለች።"

"እጄ ተኝቶብኝ ነው" አለች እትዬ። "ትራሴ ነው መሰለኝ።"

ትራሱ ተቀየረ። ዝንቡ አልሄደም። ቆይቶ በቀንም መጣ። ስልክ ይዛ ስታወራ ጣቶቿ ይነዝሯታል፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት። ትንሿ ጣት ብቻ ምንም አልሆነችም። እትዬም "ይቺ አንዷ ነቅታ ትጠብቃለች፣ ሌሎቹ ይተኛሉ" እያለች ትስቅ ነበር። ዘይት አሙቀን አሸናት። ለጊዜው ደስ ይላል እንጂ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። "ብርድ ነው" አለች። ከዚያ "ዕድሜ ነው" አለች። ሐኪም የሚባለውን ቃል ማንም እንዳያነሳ ርዕስ ትቀይር ነበር።

አንድ ቀን ለአንድ ሙሽራ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ቀና ብዬ አየሁና "እትዬ፣ ደም" አልኳት። ነጩ ኮሌታ ላይ ሦስት ቀይ ነጠብጣቦች ነበሩ። ጣቷን ገልብጣ አየችው። መርፌው ገብቶ ወጥቷል፤ እሷ አልተሰማትም።

መርፌ ሲወጋት የማይሰማት ልብስ ሰፊ ምን ማለት እንደሆነ ለሦስታችንም መንገር አላስፈለገም። ኮሌታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትንሽ አየችውና "እሺ፣ ውሰዱኝ" አለች።

ሐኪሙ ጠና ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሁለቱን እጆቿን ከአንጓው አሳጥፈው፣ ጀርባ ለጀርባ አጋጥመው ለአንድ ደቂቃ ያህል እንድትይዝ አደረጓት። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ "መጣ" አለች። አንጓዋን በጣታቸው ጫፍ መታ መታ ሲያደርጉት ነዝሮ እስከ መሃል ጣቷ ሄደ። አውራ ጣቷን ወደ ላይ እንድትገፋ ነገሯትና እሳቸው ወደ ታች ተጫኑት፤ አልተንበረከከም። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ እንቅርት ጠየቋት፤ ለደም ምርመራም ላኳት። ውጤቱ ሲመጣ ከደሟ በኩል ምንም አልነበረም።

"የእጅ አንጓ ላይ ጠባብ መተላለፊያ አለ" አሉ። "ጣቶችን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣብበው በዚያ ነው የሚያልፉት። ያ ቦታ ሲያብጥ ወይም አንጓው ታጥፎ ሲቆይ ነርቩ ይጨፈለቃል። ካርፓል ታነል ይባላል።"

"ይቆረጣል?" አለች እትዬ። ከገባን ጀምሮ ስትጠብቅ የቆየችው ጥያቄ እንደሆነ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

"ቀዶ ሕክምና አለው። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው ተሽሎታል።"

"ዶክተር፣ እኔ ራሴ ቆራጭ ነኝ። ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት በወረቀት ቆርጬ፣ ሰውዬው ላይ አስደግፌ አያለሁ። እናንተ ጋ ከመቁረጥ በፊት የሚሞከር ነገር የለም?"

ሐኪሙ ፈገግ አሉ። "አለ እንጂ። የእርስዎ ገና አልከፋም። የአውራ ጣትዎ ጡንቻ ቢሰልል ወይም ድንዛዜው ጨርሶ አልሄድ ቢል ኖሮ ይጠብቁ አልልም ነበር። አሁን ግን ስድስት ሳምንት እንሞክር። ማታ ማታ ድጋፍ ያስራሉ። ተኝተን አንጓችን ሳናውቀው ይታጠፋል፤ ድጋፉ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።"

"ጉድ ነው" አለ ጋሼ። "አገሩን ሁሉ ቀጥ በል ስትል ኖራ የራሷ እጅ ብቻ ጎበጠባት?"

"አንተ ሰውዬ" አለችው እትዬ፣ ግን ሳቀች። ሐኪሙም ሳቁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፊዚዮቴራፒ ክፍል እንድትታይ፣ በስድስተኛው ሳምንት ወደ እሳቸው እንድትመለስ ጻፉላት። ካልተሻላት መርፌ አለ፣ እሱም ካልሆነ ስለ ቀዶ ሕክምናው በግልጽ እንነጋገራለን አሉ። እትዬ ስድስት ሳምንቱን በጣቷ ቆጠረችና ቀኑን ከሱቁ መስኮት አጠገብ በጠመኔ ጻፈችው።

ድጋፉን ከፋርማሲ ገዝተን ሱቅ ስንደርስ ካርቶኑን ከፈተችው። ወዲያው ፊቷ ተቀየረ። ጥቁር ድፍን ጨርቅ፣ ሦስት ተለጣፊ ማሰሪያ፣ ጠርዙ ወጣ ገባ ያለ ስፌት።

"ይሄን የሰፋው ሰው ተምሮ ነው?" አለች። ውስጡን ገለበጠችው። "ገበር እንኳ የለውም። እይ ይሄን ክር፣ ነገ ይተረተራል። ደግሞ ይሄ ምንድነው እዚህ የሚቆረቁረው?"

"እትዬ፣ መድኃኒት ነው እኮ" አልኳት።

"መድኃኒት ቢሆንስ አምሮ ቢሰፋ ምን ነበረበት?"

ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ አልከለከልኳትም። እንዲያውም መርፌ ላይ ክር የሰካሁላት እኔ ነኝ። ጠርዙን በሙሉ ተረተረች። የሚቆረቁረውን ነገር አወጣች፤ እንደ ማንኪያ እጀታ ጎበጥ ያለች፣ ጫፏ የለዘበ ጠፍጣፋ ብረት ነበረች። በእሷ ቦታ ስስ ስፖንጅ አስገባች፣ ከሠርግ ቀሚስ የተረፈ ሰማያዊ ሐር ገበር አድርጋ ሰፋችው፣ በልኳ አጥብባ ዙሪያውን በሚያምር ስፌት ጨረሰችው። ስታጠልቀው የንግሥት ጓንት ይመስላል። ማሰሪያውንም ጥብቅ አድርጋ ሳበችው። "እንዲህ ነው እንጂ" አለች። ጋሼ ዞር ብሎ አየና "እኔንም እጄን ያመኛል፤ አንድ ስፊልኝ" አላት።

ብረቷን አልጣለቻትም። እትዬ ምንም አትጥልም። በማግስቱ የሸሚዝ ኮሌታ ስትገለብጥ ጫፉን ከውስጥ የምትገፋበት ነገር ፈልጋ ብረቷን አነሳቻት። ልክ ለሱ የተሠራች ነበር የምትመስለው።

አንደኛው ሳምንት አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። እትዬ ሐሩን እያጠለቀች ትተኛለች፤ ጠዋት እጇ እንደ እንጨት ደርቆ ትነሳለች። ዝንቡ እንዲያውም በዛ። መርፌ ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት አቃታትና ማግኔት መጠቀም ጀመረች። ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ትይዛለች። አልተነጫነጨችም፤ ዝም አለች እንጂ። የእትዬ ዝምታ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ተበላሸ የስፌት መኪና ነው፣ ወዲያው ይታወቃል።

ከዚያ አንድ ከሰዓት "ነይ እስቲ፣ እይ" አለችኝ። ቁራጭ ጨርቅ አምጥታ የቁልፍ ቀዳዳ አሠራር ታስተምረኝ ጀመር። ሃያ ዓመት አጠገቧ ስቀመጥ አስተምሪኝ ብያት አታውቅም፣ እሷም ላስተምርሽ ብላኝ አታውቅም። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። እንዳልገባኝ ሆኜ ሰፋሁ።

"ይሄ ምንድነው?" አለች ስጨርስ።

"የቁልፍ ቀዳዳ።"

"የሚያዛጋ ሰው ነው የሚመስለው።"

ጋሼ መጥቶ አየው። "ጥርሱም ወልቋል" አለ። ሳቅን። ስንስቅ ግን እትዬ ጨርቁን ወስዳ ለብቻዋ ደጋግማ ታየው ነበር። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ለፈጣሪ ብዙ አላወራሁም። የእህቴን እጅ ተመልከትልኝ አልኩት፤ እሱ የሠራው እጅ ነው፣ ከኔ በላይ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ሳምንት ሞላና ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄድን። ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስትራመድ የምትፈጥን። እትዬ ድጋፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው ልጅቷ ዓይኗ በራ።

"ውይ፣ ይሄን የት አገኙት?"

"ከእናንተው ፋርማሲ።"

"የኛ እንዲህ አያምርም።"

"ትንሽ አስተካክዬው ነው" አለች እትዬ፣ ኮራ ብላ።

ልጅቷ ድጋፉን አነሳች፣ ገበሩን በጣቷ ዳሰሰች፣ ራሷን በአድናቆት ነቀነቀች። ከዚያ በሁለት ጣቷ ይዛ አጠፈችው። እንደ መሐረብ ታጠፈ።

"እትዬ፣ ብረቱስ?"

"የቱ ብረት?"

"መሃል ላይ የነበረው። ጠፍጣፋው።"

እትዬ የድጋፉን ማሰሪያ ነካካች። ጋሼ ጣሪያውን ይመለከት ጀመር። እኔ ጫማዬን።

"ኮሌታ እያወጣሁበት ነው" አለች እትዬ በመጨረሻ።

"ምን እያወጡበት?"

"የሸሚዝ ኮሌታ። ሲገለበጥ ጫፉን ከውስጥ እገፋበታለሁ። ሹል አድርጎ ያወጣል።"

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ለትንሽ ጊዜ ታገለች። ጋሼ ግን አልቻለም። ሆዱን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከኮሪደሩ አንድ ነርስ ብቅ ብላ ደህንነታችንን ጠየቀች። "መድኃኒቱን..." ይላል ጋሼ፣ "መድኃኒቱን ለኮሌታ ታጠጣለች..." ሌላ መናገር አልቻለም።

"ብረቱ ነው እኮ ሥራውን የሚሠራው" አለች ልጅቷ ለስለስ ብላ። "ጨርቁ ብረቱን ለመያዝ ነው የተሰፋው። ያለሱ ማታ እጅዎ እንደፈለገ ይታጠፋል። ደግሞ ይሄ በጣም ጠቧል። ያሰሩት ላይ ጣቴን ላስገባ ብል አይገባም፤ ነርቩ ሳይታሰርም ተጨንቋል።"

እትዬ አፈረች። "ሦስት ሳምንት" አለች። "ሦስት ሳምንቴን በሰማያዊ ሐር ጠቅልዬ ጣልኩት።"

"እስቲ እጅዎን ይስጡኝ።" ልጅቷ እንደ ሐኪሙ አውራ ጣቷን ተጫነች፣ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ጨበጥ ጨበጥ አደረገች፣ ከግራው ጋር አስተያየችው። "አልሰለለም" አለች። "ጥንካሬው እንዳለ ነው። ጊዜ አለን። ለዶክተር እኔ እነግራለሁ፤ ስድስቱን ሳምንት ከዛሬ እንጀምራለን። እትዬ፣ አንድ ታካሚዬ ድጋፉን ለውሻው አስሮለት መጥቶ ያውቃል። የእርስዎ ቢያንስ ያምራል።"

እውነት ይሁን ለማጽናናት እስካሁን አላውቅም። እግዚአብሔር እንዲህ ያሉ ልጆችን ያብዛልን።

ከዚያ የጣት እንቅስቃሴ አሳየቻት። ጣትን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ጫፎቹን እንደ መንጠቆ ማጠፍ፣ ቀስ ብሎ መጨበጥ፣ እንደገና መዘርጋት። በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። ካመመ ወይም ከነዘረ መተው። ስለ ሥራዋም አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ጠረጴዛው ስንት ይደርሳል? መቀሱ ከባድ ነው? ሳታርፍ ስንት ሰዓት ትሰፋለች? የመጨረሻውን ጥያቄ ጋሼ ነው የመለሰው፤ "ፈጣሪ እስኪጠራት ድረስ" አለ። "እኔ ሞቼ ብጠብቃት እንኳ ይሄን ዙር ልጨርስ ነው የምትለው።"

ሱቅ እንደገባን ብረቷ ከኮሌታ ሥራ ተነሳች። እትዬ ድጋፉን እንደገና ተረተረችው። ሐሩ ቀረ፣ ስፋቱ ተለቀቀ፣ ለብረቷ ደግሞ በመሃል ጠባብ ኪስ ተሰፋላት፤ ሲታጠብ ትወጣለች፣ ሲደርቅ ትገባለች። ልጅቷ ኋላ አይታው "ይሄኛውን እኔም አልነቅፈውም" ብላለች።

ቀጥሎ ሱቁ ተነካካ። ጋሼ በጠረጴዛው አራት እግሮች ሥር ወፍራም እንጨት አስገባ፤ ከዚያ ወዲህ እትዬ ስትቆርጥ አንጓዋ አይታጠፍም። ከባዱ መቀስ ተሰቀለና ስትለቀው ራሱ የሚከፈት ቀላል መቀስ ተገዛ። መርፌ ከወፍራም ጨርቅ ለመሳብ ጣቷን ከማጨነቅ ይልቅ በቁራጭ ላስቲክ ይዛ መሳብ ለመደች። ለዕረፍት ሰዓት አላስፈለገንም። የጋሼ ካውያ ውሃው በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ ሲያልቅ "ውሃ" ይላል። "ውሃ" ሲል እሷ መርፌዋን አስቀምጣ ጣቶቿን ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች፣ ትጨብጣለች። መጀመሪያ ላይ እየተሳደበች ነበር። በኋላ እኔም አብሬያት ማድረግ ጀመርኩ፤ ኮት ሊለኩ የመጡ ደንበኞችም ቆመው ሲያደርጉ አይቻለሁ።

ትልቁ ትግል ወፍራም ጨርቅ መቁረጥ ነበር። ያ ሥራ ለጋሼ ተሰጠ። ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ ሰው መቀስ ሲይዝ ማየት ነው። እሷ ከጎኑ ቆማ ትነዳዋለች።

"ቀስ። ቀስ። መስመሩን ተከተል።"

"እየተከተልኩ ነው።"

"ወደ ቀኝ ወጥተሃል።"

"መንገዱ ነው የጠበበው።"

"ኩርባው ላይ ልትደርስ ነው፤ ፍሬን ያዝ፣ ያዝ፣ ያዝ..."

"አንቺ ተሳፋሪ ነሽ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ" ይላታል። አንድ እጅጌ ከሌላው በጣት ያህል አሳጥሮ ቆርጦ ያውቃል። እትዬ ከተረፈው ጨርቅ ሌላ አወጣችና አጭሩን "የተኳሹ ኢላማ" ብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ከአዲሱ ጅማሬ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት እትዬ ደረጃውን ስትወርድ አየኋት፤ በፊቷ ብቻ አወቅሁ።

"አልነቃሁም" አለች። "ሌሊቱን ሙሉ አልነቃሁም።"

"እኔ ግን ነቃሁ" አለ ጋሼ ከኋላዋ። "ዝንቡ ምን ሆኖ ይሆን ብዬ ተጨንቄ።"

ሁሉም ቀን ግን እንዲያ አልነበረም። በአምስተኛው ሳምንት ግድም አንድ ኮት በእጇ መሥራት አማራትና እኛ ሳንኖር አሥራ አራት የቁልፍ ቀዳዳ በአንድ ቁጭታ ጨረሰች። ማታውን እጇ ነዘራት፣ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ደነዘዘ። ስመጣ ኮቱን ከጠረጴዛው ሥር ሸሽጋው አገኘሁት።

"ለባሌ እንዳትነግሪው" አለችኝ።

"ሰምቻለሁ" አለ ጋሼ ከበሩ ጀርባ። እንደሌላው ጊዜ አልቀለደም። ካውያውን አስቀምጦ መጣ። "አውቶቡስ እንኳ መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ሞተሩ ይጠፋል። አሥራ አራት ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። እንደምችል ማየት ፈልጌ ነው።"

"ቻልሽ?"

"ቻልኩ" አለች፣ ቀስ ብላ። "ስምንተኛው ላይ እጄ መሰማቱን ተወ እንጂ።"

ጋሼ ኮቱን ከጠረጴዛው ሥር አወጣው። "እንግዲያው አምስት ላይ ማቆም ነዋ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን አምስት ሆነ። ደንበኞች ትንሽ ይጠብቃሉ። አንዱም ኮቴን መልሺ ያለ የለም።

የሐኪሙ ቀን ደረሰ። እትዬ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ጣቶቿን ጨብጣ ዘረጋች። ዝንቡ ከመጣ ስንት ቀን እንደሆነው ታውቃለች፣ ዘጠኝ ቀን። ግን ሐኪሙ ሌላ የሚያዩት ነገር ይኖር ይሆን? አብረን ገባን።

እንደ መጀመሪያው እጇን አሳጥፈው እንድትይዝ አደረጓት። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ግማሽ ደቂቃ አለፈ። እትዬ አልተናገረችም። አንድ ደቂቃ ሞላ።

"ምን ይሰማዎታል?"

"መሃል ጣቴ ጫፍ ላይ ትንሽ። እንደ ሩቅ ደወል። ሌላው የለም።"

አውራ ጣቷን ተጫኑ። አልተበገረም። ከዚያ "ዓይንዎን ይጨፍኑና የምሰጥዎትን በጣትዎ ለይተው ይንገሩኝ" አሉ። መጀመሪያ ሳንቲም፣ ቀጥሎ የወረቀት መያዣ ሽቦ ሰጧት። ሁለቱንም ወዲያው አወቀቻቸው። ሦስተኛ ነገር ሲፈልጉ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አጠገቧ አረፈ፤ እትዬ የጋውናቸውን እጅጌ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

"ይሄ ግማሹ ጥጥ ነው" አለች ዓይኗን እንደጨፈነች። "ክሩ ርካሽ ነው። ጠርዙ ላይ ተተርትሮ በችኮላ ተደግሟል፣ ደጋሚው ደግሞ ልብስ ሰፊ አይደለም።"

ሐኪሙ እጅጌያቸውን አዩት። "ባለቤቴ ናት" አሉ።

"ይቅርታ፣ ዶክተር።"

"ኧረ እኔም ነግሬያት ነበር።" ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። "እትዬ፣ አሁን ለመቁረጥ ምክንያት የለኝም። ድጋፉን ማታ ማታ ይቀጥሉ፣ ሥራዎንም አሁን እንዳደረጉት ይያዙት። ከሦስት ወር በኋላ እንተያይ። ተመልሶ ቢመጣ መርፌው አለ፤ ከዚያም ካለፈ ያኔ እናወራለን። ድንዛዜው አልለቅ ካለ ወይም ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ይምጡ።"

እትዬ አመሰገነቻቸው። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ። የሰጠንን እጅ ሳይነካ መልሶ ስለሰጠን፤ በምላጭ ቢነካም ኖሮ በሐኪሙ እጅ በኩል እሱ አይጠፋም ነበር።

ወጣን። የመኪና መንገዱ ጋ ስንደርስ መብራቱ ቀይ ነበር። ጋሼ እንደ ሁልጊዜው መንገድ ሊያሻግራት እጁን ዘረጋላት፣ እሷም ያዘችው። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነበርኩ።

"እጅህ እንዴት እንዲህ ሻከረ?" አለችው።

"ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ እጅ ምን ይሁን? ዛሬ ነው እንዴ ያወቅሽው?"

"ይሄን ያህል ወር ስይዘው ጓንት የያዝኩ ነበር የሚመስለኝ።" አውራ ጣቷን መዳፉ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ታች አስኬደችው፤ ገበያ ላይ ጨርቅ ስትመርጥ እንደምታደርገው። "እዚህ ጋ ደግሞ ካውያ አቃጥሎሃል። መቼ ነው? ለምን አልነገርከኝም?"

"ያን ጊዜ የሚበቃሽን ይዘሽ ነበር። ካልወደድሽው መልሺው።"

"ማን ይቀበለኛል? ደረሰኙ ከጠፋ ስንት ዓመቱ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሰዉ በግራ በቀኛችን እየታከከን ተሻገረ። እትዬ መዳፉን እየዳሰሰች ቆማለች፤ ጋሼም እጁን አልሳበም። እኔም አልቸኮልኩም። ሌላ አረንጓዴ ይመጣል ብዬ ቆምኩ።